የሦስተኛው ሳህን ሽታ

የፖሊስ አዛዣችን ሻምበል ዌድላክ «ጣቱን መስመሩ ላይ ሳይጎትት አንዲት ዐረፍተ ነገር ማንበብ የማይችል» ብሎ የሰደበኝ በ1906 መጋቢት ስድስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በደሴታችን ዋና ከተማ በኪንግስታውን፣ ፖስታ ቤት ደረጃ ላይ ነው። የሃምሳ አለቃነት ማመልከቻዬን በእጄ ይዤ ነበር። ሦስት ሰዎች ሰሙ። ሁለቱ ሳቁ፤ ሦስተኛው ቴምብር እየላሰ ስለነበር ለመሳቅ አልተመቸውም። የሦስቱንም ስም አልረሳሁም። እውነት ነው፣ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረው አውሎ ነፋስ የትምህርት ቤታችንን ጣሪያ ስለወሰደውና መንግሥትም ጣሪያውን ለመመለስ ችኮላ ስላልነበረበት ነው። በጣቱ የሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር አለው፤ ምንም አይዘልም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ጥር አሥራ ሁለት ቀን፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ የመንግሥት ፋብሪካ ዘበኛ አሞጽ ጫማውን በእጁ ይዞ እየሮጠ ጣቢያዬ ደረሰ።

«አስር አለቃ! ሚስተር ፒልግሪም ገንዳ ውስጥ ናቸው!»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም አያደርጉም። ሞተዋል።»

ስለዚያ ፋብሪካ መናገር አለብኝ፤ ሳልናደድ መናገር ግን አልችልም። ስኳሩ ከከሰረ፣ ተራራውም ፈንድቶ ግማሹን ሸለቆ በአመድ ከቀበረ በኋላ፣ መንግሥት «የአገር ውስጥ ሥራ ማበረታቻ ኮሚቴ» የሚባል አቋቋመ። ኮሚቴው አሥራ አንድ ሰው ነበረው። ከአሥራ አንዱ አንድም አሮሩት ቆፍሮ የሚያውቅ አልነበረም። በእኛ ግብር፣ በእኛ ሸለቆ፣ የአሮሩት ሥር ተፍቆ ነጭ ዱቄት የሚወጣበት ፋብሪካ ተሠራ። «ለአነስተኛ ገበሬዎች» ተብሎ ተመረቀ፤ ሙዚቃም ነበረ። ዓመት ሳይሞላው ኮሚቴው አሰበበትና ውድድር ይደረግ አለ፤ ዱቄቱ አንደኛ የወጣለት ሰው ፋብሪካውን ለአሥር ዓመት ይይዘዋል። አምስት ሳህን ዱቄት፣ አምስት ቁጥር፣ ዱቄቱ በሚደርቅበት በማድረቂያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ። የማን ሳህን የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የኮሚቴው ጸሐፊ ሚስተር ፔኒስተን መዝገብ ብቻ ነው።

ዳኛው ሚስተር ፒልግሪም የሚባል ባርቤዶሳዊ ነበር። ቀጭን፣ ደረቅ፣ ሰላምታ እንኳ በማስረጃ የሚሰጥ ሰው። ማንም አይወደውም ነበር። እኔም አልወደውም ነበር።

ስደርስ አጣቢዎቹ ሴቶች የገንዳውን ውሃ አፍስሰው ጨርሰው ነበር። የሥራው ልማድ ነው፤ ማታ እንደ ወተት የነጣው ውሃ ገንዳ ውስጥ ይፈስሳል፣ ዱቄቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠዋት ላይ ውሃው ሲለቀቅ ከስር እንደ አይብ የጠነከረ ነጭ ንጣፍ ይቀራል። ፒልግሪም በዚያ ንጣፍ ላይ በደረቱ ተኝቷል። ማጅራቱ ላይ በአካፋ የተመታ ቁስል አለ። ጠጋ ብዬ ጀርባውን አየሁ፤ ጥቁር ኮቱ ላይ አንዳች ነጭ ነገር የለም። ፀጉሩም ንጹሕ ነው። ስናነሣው ግን ከስሩ የኮቱ አዝራሮች ንጣፉ ላይ አንድ በአንድ ታትመው ቀሩ።

በግራ በኩል አንድ ሰው ይጮሃል። «መስኮቶቹን ክፈቱ! የማድረቂያ ቤቱን መስኮቶች ሁሉ ክፈቱ! አየር ይግባ!» ጸሐፊው ፔኒስተን ነው፤ አንገቱ ላይ ከወባ ይጠብቀኛል ብሎ የሚያንጠለጥላትን፣ ሽታዋ ከሩቅ የሚመታ የካፉር ከረጢት እንደ ክታብ ጨብጧል። የማድረቂያ ቤቱ በር ጠባቂ ዶርካስ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ጥር ነው። ነፋስ ነው። አቧራ ሊገባ ነው።»

«ሰው ሞቷል፣ አንቺ ሴት!»

«ሰውየው የሞተው ገንዳው ውስጥ ነው። ማድረቂያ ቤቱን ምን ያናፍሱታል?»

መስኮቶቹ ተከፈቱ።

ሻምበል ዌድላክ በጀልባ እኩለ ቀን ላይ ሲደርስ ገዳዩን ከጀልባው ሳይወርድ አግኝቶት ነበር። ኬዝያ ኦሊቪየርን ከቤቷ አስመጥቶ ካቴና አስገባላት። ስልሳ ዓመቷ ነው። ከዳገቱ በላይ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ላይ የምትኖር ባልቴት ናት፤ የእሷን ዱቄት የሚያህል በሸለቆው እንደሌለ ጠላቶቿም ያውቃሉ።

«አርብ ከሰዓት ፒልግሪም ቁጥር ሦስትን ‹ትንባሆ ይሸታል› ብሎ ጣለው» አለ ሻምበል። «ቁጥር አምስትን አንደኛ አደረገው። ፔኒስተን መዝገቡን ከፍቶ አነበበ፤ አምስት ሚስተር ሞርትሎክ፣ ሦስት ይቺ ሴት። ከዚያ ምን አለች? በስልሳ ሰው ፊት?»

«‹ውሃ ያንቅህ› አለች።»

«ውሃ አነቀው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ሲነጋገሩ ዘበኛው አይቷል። ሰኞ የደሴቱ አስተዳዳሪ ለሽልማቱ በመርከብ ይመጣሉ፤ በዚያው መርከብ ወደ ኪንግስታውን ትሄዳለች። አንተ ቃል ተቀበል። አታስብ፤ ጻፍ።»

ኪንግስታውን ሄዳ ማን እንደሚፈርድባት አውቃለሁ። አሥራ ሁለት የርስት ባለቤቶች፣ ወይም የርስት ባለቤት አማቾች። ከሦስት ቀን በላይ አይፈጅባቸውም፤ ገመዱን ጨምሮ።

እትዬ ኬዝያ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ካቴናውን በቀሚሷ ሸፍናው ነበር።

«አንተ የጋምብስ ልጅ፣ እናትህ ብታይህ ምን ትል ነበር?»

«እናቴ ‹ዝም ብለህ ጠይቅ› ትለኝ ነበር። ማታ በሩ ላይ ምን አለሽ ፒልግሪም?»

«ሻምበሉ ይህን አልጠየቀኝም።»

«እኔ ጠየቅሁሽ።»

«‹ቤትሽ ውስጥ ማን ያጨሳል?› አለኝ። ‹የጸሎት ቤት ሰዎች ነን፣ ማንም አያጨስም› አልኩት። ‹መንደርሽ ውስጥ ሲጋር የሚያጨስ አለ?› አለኝ። ሳቅሁበት። ‹ሲጋር እኛ መንደር የሚታየው ሚስተር ሞርትሎክ በፈረስ ሲያልፉ ነው› አልኩት። ‹ይቅርታ አድርጊልኝ› ብሎኝ ተመልሶ ገባ።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «ይቅርታ አለኝ፣ ታዴዎስ። እኔ ግን ቀን የረገምኩትን አላነሣሁለትም።»

«ከዚያስ?»

«ለቅሶ ቤት ሄድኩ። የአንድ ዘመዴ ዘጠነኛ ሌሊት ነበር፤ በዘጠነኛው ሌሊት ሳይተኛ ይዘመራል። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ዘምሬያለሁ። ሰማንያ ሰው አለ።»

«ሻምበሉ ሰማንያውም ዘመዶችሽ ናቸው ይላል።»

«ናቸው! ታዲያ ለቅሶ ከማን ጋር ይቀመጡ ኖሯል፣ ከኮሚቴው ጋር?»

ከእሷ ወደ ዘበኛው ሄድኩ። አሞጽ ፒልግሪም ማድረቂያ ቤቱ ሲገባ አይቷል፤ «አንዲት ነገር ደግሜ ላሽትት» ብሎ ነው የገባው። ሲወጣ አላየውም፤ በቢሮው በኩል ባለው የኋላ በር ወጥቷል ብሎ አሰበ። የዚያ በር ቁልፍ ያለው ጸሐፊው ጋ ነው።

«አንተ የት ነበርክ?»

«ገንዳው አዳራሽ ደጃፍ ላይ። ፋኖሴ አጠገቤ ነበረች።»

«እንቅልፍ?»

«እንቅልፍ ብተኛ ውሃ ቢንቦጫረቅ እነቃለሁ፤ ጆሮዬ የውሻ ነው። ምንም አልተንቦጫረቀም። ሌሊቱን ሙሉ ከቦታዬ የተነሣሁት አንዴ ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሴቶቹን ለመጥራት ጉብታው ላይ ወጥቼ ዛጎሉን ስነፋ።»

ሚስተር ሞርትሎክን ያገኘሁት በርስቱ ቤት በረንዳ ላይ ነው። የምክር ቤት አባል ነው፤ የኮሚቴውም አባል ነው፤ ተወዳዳሪም ነው። ይህ ነገር በአገራችን ማንንም አያስደንቅም። እንድቀመጥ አላለኝም። ሲጋሩን እያጨሰ ነበር፤ የርስቱን የዱቄት ማድረቂያ ከበረንዳው ጋር የሚያገናኘው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ ጌታዬ?»

«ከአስተዳዳሪው ጋር እራት ላይ። አድሬም እዚያው ነው። እሳቸውን ትጠይቃለህ?»

«ሚስተር ፔኒስተንን በደንብ ያውቋቸዋል?»

«ጸሐፊ ነው። ጸሐፊዎችን ማን ያውቃል?»

ስወጣ ከጓዳው ሴት አንድ እፍኝ የርስቱን ዱቄት ለገንፎ ብዬ ለመንኩ። ሰጠችኝ።

ፔኒስተን ደግሞ ገና ሳልጠይቀው ነው የመለሰው።

«ወባ ጥሎኝ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ። ለነገሩ እኔ ማድረቂያ ቤቱን ረግጬ አላውቅም፤ ዶርካስን ጠይቃት። በዚህ በካፉር ምክንያት ሁልጊዜ ከደጅ ትመልሰኛለች።»

«ስለ ማድረቂያ ቤቱ አልጠየቅሁዎትም። ሰውየው የተገኘው ገንዳ ውስጥ ነው።»

ፊቱ ቀላ። «ለማንኛውም ብዬ ነው።»

እሑድ ዶርካስ አረጋገጠችልኝ። እሷ በዚያ በር የምትቆመው ለዚህ ነው፤ አሮሩት አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ሽቶ የተቀባውን፣ ዓሣ የነካውን፣ ትንባሆ የያዘውን እጁን አሽትታ ትመልሳለች። አስተዳዳሪውን ራሳቸውን አንዴ መልሳቸዋለች፤ ሽቶ ተቀብተው ነበር።

«ያንን ካፉርማ አንድ ቀን አላስገባሁትም» አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን አስር አለቃ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ አራተኛው መደርደሪያ ላይ የታችኛው ትሪ ታሟል።»

«ምን ሆነ?»

«እንጃ። ሲቀዘቅዝ ይደብቃል። ፈልቶ ካልተቀመሰ አይናገርም።»

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አስተዳዳሪው ነጭ ባርኔጣቸውን ይዘው ደረሱ። ሻምበሉን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ቃል የተቀበልኩትን ለአስተዳዳሪው ማድረቂያ ቤት ውስጥ ላንብብ። «በጣትህ?» አለ። «በጣቴ» አልኩት። ለመሳቅ ብሎ ፈቀደልኝ።

ሁሉም ገቡ። አስተዳዳሪው፣ ሻምበሉ፣ ሞርትሎክ፣ ፔኒስተን፣ አሞጽ፣ እትዬ ኬዝያ ከነካቴናዋ። የካፉሩን ከረጢት ዶርካስ በር ላይ ተቀብላ አስቀረችው። አጣቢዎቹ ሴቶች ደጃፍ ላይ ተሰበሰቡ፤ በሩን አልዘጋሁትም። ምድጃው ላይ የፈላ ውሃ፣ ጠረጴዛው ላይ አምስት ሲኒ ነበር።

«መጀመሪያ ስለ ገንዳው» አልኩ። «ሻምበሉ ሟቹ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ገንዳ ውስጥ ገባ ይላሉ። ዶርካስ፣ በዚያ ሰዓት ገንዳው እንዴት ነው?»

«ወተት ነዋ! ገና መፍሰሱ ነው።»

«በዚያን ጊዜ ድንጋይ ቢጣልበት ጠዋት ምን ይመስላል?»

«ነጭ ድንጋይ። ከላይም ከታችም ይለብሳል።»

«የፒልግሪም ጀርባ ጥቁር ነበር። ፀጉሩም። አዝራሮቹ ደግሞ የጠነከረው ንጣፍ ላይ ታትመዋል። ንጣፉ እስኪጠነክር ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ስምንት። ብርድ ሲሆን ዘጠኝ» አሉ ሴቶቹ ከደጅ፣ ሳይጠየቁ።

«ስለዚህ ገንዳው ውስጥ የገባው ሊነጋጋ ሲል ነው። አሞጽ ከደጃፉ የተነሣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ለዛጎሉ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት እትዬ ኬዝያ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንገድ ማዶ እየዘመረች ነበር። ሰማንያው ዘመዶቿ ይዋሹ እንበል፤ ዱቄቱስ ዘመዷ ነው?»

አንዲት ሴት ከደጅ ሳቀች። ሻምበሉ አልሳቀም።

«ታዲያ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሬሳው የት ነበር? ዶርካስ፣ ዞረሽ ቁሚ።» ሲኒዎቹን ከእኔ በቀር ማንም በማያውቀው ቅደም ተከተል በጥብጬ አንድ በአንድ ሰጠኋት።

የመጀመሪያውን አሸተተች። «ይሄ ምንም የለውም። እንደ ውሃ ንጹሕ ነው። ይሄ የኬዝያ ነው።»

«ቁጥር አምስት ነው» አልኩ። «መዝገቡ የሚስተር ሞርትሎክ ነው ይላል።»

ሁለተኛውን አሸተተች። «ይሄም የኬዝያ ነው።»

«ይሄ ትናንት ከቤቷ ያመጣሁት ነው።»

ሦስተኛው ላይ አፍንጫዋን ጨማደደች። «ሲጋር! ይሄ ሚስተር ሞርትሎክ ነው።»

«ዱቄቱ?»

«ዱቄቱም እሱም።»

ደጃፉ በሳቅ ተናወጠ። «ይሄ ከርስቱ ጓዳ ያመጣሁት ነው» አልኩ። አራተኛውን ሰጠኋት።

«ያው ነው። ያው ሲጋር።»

«ይሄ ቁጥር ሦስት ነው። መዝገቡ የኬዝያ ኦሊቪየር ነው ይላል። ሳህኖቹን በቢሮው መስኮት ተቀብሎ፣ ቁጥር ለጥፎ፣ ስም የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፒልግሪም አርብ ማታ ይህን ደረሰበት። በሸለቆው አንድ ሰው ብቻ የሚያጨሰው ሲጋር እንዴት የጸሎት ቤት ባልቴት ሳህን ውስጥ ገባ? ደግሞ ሊያሸትት ገባ። ቢሮው ውስጥ ያለውን ሰው ‹መዝገቡን ይዘህ ና› ብሎ ጠራው።»

«ግምት ነው!» አለ ፔኒስተን። «እኔ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ይቺው ሴት ትመስክር!»

«መስክሬያለሁ» አለች ዶርካስ።

«አምስተኛው» አልኩና ሰጠኋት። «አራተኛው መደርደሪያ፣ የታችኛው ትሪ።»

አሸተተች። ትንሽ ቀመሰች። ሲኒውን አስቀምጣ ዞረች፤ ዞሪ ሳልላት።

«ካፉር» አለች። «በእኔ በር ካፉር አልገባም። በኋላ በር ነው የገባው፤ ገብቶም ቁጭ ብሏል። ዝም ብሎ ያለፈ ሰው እንዲህ አይጠጣለትም።»

«አሥር ሰዓት ቁጭ ብሏል» አልኩ። «እዚያች ትሪ አጠገብ፣ ከሬሳው ጋር፣ አሞጽ ከደጃፉ እስኪነሣ። ሬሳውን እዚህ ቢተወው ‹ሳህኖቹ ጋ ምን ይሠራ ነበር?› ይባላል። ውሃ ውስጥ ቢከተው ግን ስልሳ ሰው የሰማው እርግማን አለ። ጠዋት ሁሉም ወደ ገንዳው ሲሮጥ፣ የዚህን ቤት መስኮቶች ለማስከፈት የጮኸው ማን ነበር? የፋብሪካውን ደንብ አርባ ሁለት አንቀጽ አድርጎ የጻፈ ሰው ነው። አንድ ማንኪያ ዱቄት ግን አፍልቶ አያውቅም። መስኮት ሲከፈት ሽታው የሚሄድ መሰለው።»

ፔኒስተን እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ ከረጢቷ አልነበረችም። ከዚያ ወደ ሞርትሎክ ዞረ።

«ይናገሩ እንጂ! ‹ስሞቹን ለዋውጥ፣ ሥራ አስኪያጅ ትሆናለህ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? እኔ ሰው ልገድል አልነበረም! ‹ለአስተዳዳሪው እነግራለሁ› አለኝ፤ አካፋው እጄ አጠገብ ነበር...»

ሞርትሎክ የኮቱን እጅጌ አስተካከለ። «ይህን ሰው በደንብ አላውቀውም» አለ።

አሞጽና እኔ ፔኒስተንን ይዘን የራሱ ቢሮ ውስጥ ቆለፍንበት። ተመልሼ ስገባ ሞርትሎክ ወንበር አግኝቶ ተቀምጧል። ውሃ ቀርቦለታል። እትዬ ኬዝያ ከነካቴናዋ እንደቆመች ናት። ማንም አላስታወሳትም።

አስተዳዳሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በጣም አሳዛኝ ነው። ጸሐፊው በሽተኛ ሰው ነበር፤ ወባው አእምሮውን ነክቶታል። ሽልማቱ ለጊዜው ይቆያል። ፋብሪካውን ግን በዚህ ወቅት ልምድ ካለው እጅ በቀር ለሌላ መስጠት አደገኛ ነው።»

«የማን እጅ?» አለች እትዬ ኬዝያ።

አልሰሟትም። ሻምበሉ ወደ እኔ ቀረበ፤ ድምጹ እንደ ወዳጅ ነበር፤ ከስድቡ ይልቅ ያ አንገበገበኝ።

«ጋምብስ፣ ዘገባህ ላይ የፔኒስተን ስም ይበቃል። ሚስተር ሞርትሎክን እንዳትጠቅስ። ሰማህ?»

«ለአገሩ ኢንዱስትሪ ስንል ነው፣ አስር አለቃ» አሉ አስተዳዳሪው። «ባለሀብት ሲደነግጥ የሚራበው ያንተ ሕዝብ ነው። ይገባሃል አይደል?»

ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። የእትዬ ኬዝያን እጅ ያዝኩና ካቴናውን ፈታሁት። አንጓዋ ቆስሎ ነበር። ካቴናውን ከአስተዳዳሪው ነጭ ባርኔጣ አጠገብ፣ ከአምስቱ ሲኒዎች መሐል አስቀመጥኩት። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ደጃፉ ላይ ግን ከሴቶቹ ግማሾቹ የሉም፤ ወደ ወንዙ ወርደዋል። ከማጠቢያው በኩል የሞርትሎክ ስም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ፣ ከዚያም ማዶ ካሉት ቆፋሪዎች ጋ ሲደርስ ይሰማ ነበር።

«ጋምብስ!» አለ ሻምበሉ። «ጥያቄ ተጠይቀሃል! መልስ እንጂ!»

እትዬ ኬዝያን ክንዷን ደግፌ በሴቶቹ መሐል ይዣት ወጣሁ። ዳገቱን ጀመርነው።